ያልተቆጠሩ ወራት

በጎንደር ከተማ የመሬት ጉዳይ በሚያስተናግድ አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ዛሬም ተሰቅሎ ይገኛል። ስሜ አልሰፈረበትም። «የአገልግሎት ጊዜ የሚቆጠረው ባለጉዳዩ የተሟላ ማስረጃ ካቀረበበት ደቂቃ ጀምሮ ነው» ይላል። የእኔ መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። በወንድሜ ሚስት ላይ ያደረሰውን ካየሁ በኋላ ግን ዝምታዬን እንደ ጨዋነት መቁጠር አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ሥራ አመራር አስተምር ነበር። ሁሉም ቢፒአር እያለ የሚጠራው የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲታወጅ መምህራን በጥናት ቡድን ተመደብን። ሰዓት ይዘን ከሠራተኞች አጠገብ ተቀመጥን፤ አንድ ጉዳይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ቆጠርን። አሥራ አንዱን ጠረጴዛ ወደ ሦስት አወረድነው። ይህ መልካም ሥራ ነበር፤ አልክድም። በመጨረሻ ሰዓቱ ከየት ይጀምር የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከቡድናችን አንዱ «ሰው ማስረጃ ሳያሟላ መጥቶ ያባከነው ቀን በሠራተኛው ላይ መቆጠር የለበትም» አለ። ፍትሐዊ መሰለኝና ጻፍኩት። ለስም ዝውውር አርባ ደቂቃ ተመደበ። ማስረጃው ተሟልቷል የሚለው ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚጠየቅ ግን ማናችንም አላነሣንም።

መዝገብ ቤቱንም የዘጋነው እኛ ነን። የመዝገብ ቤቱ ሹም ፋይሎቹን የደረደሩት በቤት ቁጥር ሳይሆን ቤቱ በሚገኝበት ደብር ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ቁጥሩ በየመንግሥቱ ተቀይሯል፤ ደብሩ ግን ከቦታው አልተነሣም» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ማስታወሻዬን ዘጋሁ። በሪፖርቱ ላይ ከሥራ መደባቸው ትይዩ «እሴት የማይጨምር» የሚል ጻፍኩ። ፋይሎቹ በአዲሱ የቤት ቁጥር እንደገና ተደረደሩ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ።

ወንድሜ ሲሞት ሚስቱ ከትክል ድንጋይ በሙሽርነት መጥታ የገባችበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት በእሱ ስም እንዳለ ቀረ። ቤቱ መንገድ ዳር ነው። መንገዱ ሊሰፋ መሆኑ ሲነገር፣ ከቤታቸው ከሚነሡት ሰዎች መካከል ምትክ ቦታ የሚያገኙት ካርታው በራሳቸው ስም የሆነና ምዝገባው ሳይዘጋ የቀረቡት ብቻ እንደሆኑ ተገለጸ። እሷ ስሙን ለማዛወር በየካቲት ጀመረች። ሰው ማስቸገር የማትወድ ናትና አልነገረችኝም። ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ወረቀቶቿን በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። ምዝገባው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል።

«አያ፣ ምነው ይህ ቢሮ እኔን ጠመደኝ?» አለችኝ።

በመጀመሪያ የቀበሌው ደብዳቤ ሦስት ወር አልፎታል አሏት። አሳደሰች። ቀጥሎ ፎቶግራፉ አነሰ። ከዚያ የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ማኅተሙ አይነበብም ተባለ። እሱን አስተካክላ ስትመለስ የቀበሌው ደብዳቤ እንደገና አርጅቶ ነበር፤ እሱንም ዳግመኛ አሳድሳ ይዛለች።

«መምጣትሽን የሚያሳይ የሰጡሽ ወረቀት አለ?»

«ምን ወረቀት? ሲሟላ ነይ ነው የሚሉኝ። ልጅቱ ሸጋ ናት፣ ስቃ ነው የምትመልሰኝ።»

አራት ጊዜ ሄዳ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ አንድ ጊዜም አልሄደችም።

ረቡዕ አብረን ሄድን። የመስኮቷ ልጅ ወረቀቶቹን አገላብጣ «እማማ፣ አሁን ተሟልቷል። ነባሩ ፋይል ግን አልተገኘም፤ ሲገኝ ይምጡ» አለች።

«ማን ነው የሚፈልገው?» አልኳት።

«ባለጉዳዩ ይከታተላል፣ አባባ።»

«ባለጉዳይ ፋይል ክፍል ይገባል?»

«አይገባም።»

ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። የሥራ ሂደቱ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ብድግ ብሎ ተቀበለን፤ ለእሷ ወንበር ሳበላት። በጀርባው የወሩ አፈጻጸም ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ተለጥፏል።

«ማመልከቻዋን ዛሬ ተቀበሉና ቀን ጻፉበት፤ ፋይሉን እናንተ ፈልጉ» አልኩት።

«ከተቀበልን እኮ ሰዓቱ ይጀምራል፣ መምህር። አርባ ደቂቃ ካለፈ ቡድኑ ቀይ ይገባል። የልጆቹ እድገት የሚታየው በዚህ ነው።»

«ስለዚህ ከመስኮቱ ትመልሷታላችሁ።»

«አንመልስም፤ እንዲያሟሉ እንመክራለን።» ማኑዋሉን ከመሳቢያው አወጣና ገጹን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው። «ቅር አይበልዎትና፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

አላፌዘብኝም። በአክብሮት ነው የተናገረው፤ ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው። በየአዳራሹ ስለ ተገልጋይ እርካታ ስንሰብክ የኖርን ሰዎች፣ ለባለጉዳይ ያበጀነው ሰዓት ለሠራተኛው መከለያ ሲሆን እያየን ዝም አልን። በየመሥሪያ ቤቱ ሰልፍ ጠፋ ተብሎ ተጨበጨበ። ሰልፉ አልጠፋም፤ ከግቢው አስወጥተን በየባለጉዳዩ ቤት አስቀመጥነው። ከኮላ ድባ ለአንዲት ፊርማ ተሳፍሮ የሚመጣውን ገበሬ ማንም ሠንጠረዥ አይቆጥረውም። እኔ ይህን ያወቅሁት በዚያ ረቡዕ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለክትትል ተልኬ ሰዎች ከመስኮት ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በሪፖርቴ አልጻፍኩትም።

ሐሙስ የቀድሞውን የመዝገብ ቤት ሹም ፈልጌ ቤታቸው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

«አሁን እሴት ጨመርኩ ማለት ነው?»

«ይበሉኝ፣ ይገባኛል» አልኳቸው።

«ሪፖርትህን አንብቤዋለሁ። ጽሕፈትህ ግን ያምራል።»

ዓርብ ጠዋት ከእኛ ጋር መጡ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ፋይል ክፍል አይገባም ተባለና ኃላፊው እስኪፈቅድ ቆመን ጠበቅን። ሲገቡ የወንድሜን ሚስት ደብሯንና ወንድሜ ቤቱን ሲሠራ በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ጠየቋት። አሁን የሌላ ሰው ቤት ወደሚጠራበት ወደዚያ አሮጌ ቁጥር ሄዱ። አሮጌው ቁጥር እንደ አዲሱ ተወስዶ ኖሮ፣ ፋይሉ ከሰውዬው ፋይል ጋር በአንድ ክር ታስሮ ተገኘ። ልጅቱ ማመልከቻውን ተቀብላ ሰዓት ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሮጠ፤ ይህን ልመስክር። አርባው ደቂቃ ሳይሞላ ካርታው በስሟ ወጣ።

ባጃጅ ይዘን ምዝገባው ወዳለበት ቢሮ ደረስን። ስድስት ሰዓት ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኗል። ዝርዝሩ ተፈርሞ ታሽጓል። ሰኞ ቅሬታ እንድናቀርብ ተነገረን፤ አቀረብን። ቅሬታ ሰሚው በጥሞና አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «በየካቲት ለመጀመሯ ማስረጃ አላችሁ?»

አልነበረንም። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው መልስ ባለጉዳይዋ የቀረበችው ዓርብ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ እንደሆነና ከተመደበው ጊዜ በታች እንደተስተናገደች ይገልጻል። አንድም ሐሰት የለበትም። በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በሚያዝያ የሄደችበት ቀን ሁሉ እንዳይጻፍ የደነገግሁት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን ተመልሼ ገብቼ ለቅሬታ ሰሚው ይህንኑ ተናገርኩ። አስተያየትዎ በሚቀጥለው የማኑዋል ክለሳ ይታያል አሉኝ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

ሰኔ ላይ ቤቱ ፈረሰ። ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ዕቃዋን ወደ እኔ ቤት አጋዝን። የወንድሜ ሚስት ካርታውን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር።

«አያ፣ ይህን የሚቀበለኝ ቢሮ አሁንም ይኖር ይሆን?»

የለም አልኳት። በዚያው ቀን ያን ሕግ የጻፈው ማን እንደሆነ ነገርኳት። ከእኔ ጋር መኖሩን እንቢ ብላ ትክል ድንጋይ ልጇ ዘንድ ሄዳለች።