ከደኑ ሥር ያለችው የበቆሎ ማሳ

ቡሬ የተመደብኩት የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ነው። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ስለነበር በከተማው ማንንም አላውቅም። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እሁድ ሲሆን የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል፤ ልብሴን አጥቤ ስጨርስ ገና ረፋድ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች «ጦጣ በቆሏችንን ፈጀው» ብለው አመለከቱ። ስብሰባ ተጠራና ሄድኩ። ጦጣ መግደል ክልክል እንደሆነ፣ መርዝ ደግሞ ውሻውንም ከብቱንም እንደሚጨርስ ተናገርኩ። የተቃወመኝ የለም፤ የሰማኝም የለም። ስንበተን አንዱ ከኋላዬ «የጦጣ ጠበቃ» አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ማሳቸው ከደኑ የሚዋሰን አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ እኔ ቀረቡ።

«አትግደሉ ማለትሽስ ደግ ነው ልጄ። ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። እሁድ ለቅዳሴ ስሄድ ማሳዬን ማን ይጠብቅልኝ?»

«እኔ እጠብቅልዎታለሁ» አልኳቸው። ለጦጣዎቹ አስቤ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እሁድ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው።

እሁድ በማለዳ በባጃጅ ሄጄ የማሳው መጠበቂያ ማማ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው ቆርቆሮና ዱላ አቀበሉኝና ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱ። ጦጣዎቹ ከደኑ ጫፍ ሆነው ያዩኛል። ቆርቆሮውን ስደበድብ ይሸሻሉ፤ ዝም ስል ይመለሳሉ። አንዲቱ ልጇን ከሆዷ ለጥፋ አጥሩ ላይ ተቀመጠችና ዐይን ዐይኔን ታየኝ ጀመር። መጮህ ነበረብኝ። ግን እንዲያ ረጋ ብሎ ያየኝ ከጠፋ ሰንብቷልና ትንሽ ዝም አልኳት።

ሽማግሌው ሲመለሱ እሸት ጠበሱልኝ።

«ባለቤቴ በሕይወት ሳለች እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን ነበር የምንጠብቅ። እኔ ‹ሃይ!› ስል ‹ሃይ!› ትለኛለች። አሁን የሚመልስልኝ ገደሉ ነው» አሉ። ሌላ እሸት እያቀበሉኝ «አንቺስ ሰው የለሽም?» አሉኝ።

«እናቴ አለች። ሩቅ ነው እንጂ።»

«ሩቅም ቢሆን አለች በያ።»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ጠበቅኩላቸው። በቆሎው ሊታጨድ ሲቃረብ ግን አንድ ማለዳ ስደርስ፣ ሽማግሌው ከጎረቤት ማሳ ዳር ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጦጣዎቹ በጎን በጎናቸው ወድቀው ሞተዋል። ከመካከላቸው አጥሩ ላይ ያየኋትን ፈለግኩ፤ ሞተው ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፣ መለየት አቃተኝ።

«ውሻ እንዳይበላቸው ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ሳልጠይቃቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ መለስኩ። መርዙን ማን እንዳኖረ ገበሬዎቹን ብጠይቅም «አላየንም» ከማለት በቀር የነገረኝ አልነበረም። በባጃጅ ስመለስ ነጂው ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ጦጣ ሞተብኝ አይባል ነገር፣ ራሴን አሞኛል አልኩት።

ከመኸር በኋላ በገበያ ቀን ሽማግሌው ቤቴን አጠያይቀው መጡ። በቆሎ በከረጢት ይዘውልኛል። አከራዬ ወጥታ «ዘመድሽ ናቸው?» ብትለኝ «አዎን» አልኳት። ይቀመጡ ብዬ ለመንኳቸው፤ መኪና ያመልጠኛል ብለው እንደቆሙ ተሰናበቱኝ። እስከ መንገዱ ሸኝቻቸው ተመለስኩና በቆሎውን ንፍሮ ቀቀልኩት። ለአንድ ሰው በዝቶ ነበር።