የገበያነሽ አምስተኛ ፎቅ

«ሰማይ ሰማይ ባየው ደመና ብቻ ነው…» ብላ ትጀምርና ገበያነሽ የቀረውን በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች። እም፣ እም፣ እም። ሁለተኛውን ስንኝ አታውቀውም። በ1990 ዓ.ም. ከድሬዳዋ በባቡር ስትወርድ አጠገቧ የተቀመጠች ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች የምትዘፍነው። የሴትዮዋ ድምፅ ከሐዲዱ ጩኸት መሀል እንደ ሐር ክር ቀጥኖ ይመዘዝ ነበር። አሊ ሳቢህ ላይ ባቡሩ ቆመ፤ ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወረደች፤ ስንኙንም ይዛው ወረደች። እንዲህ ሆኖ ገበያነሽ ደመና እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚልባት ጅቡቲ ከተማ ግማሽ ዘፈን ይዛ ገባች።

ኤሮን ሰፈር፣ ማዳም ሁዳ የምትባል የነጋዴ ሚስት ዘንድ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ስባ ልትበላ ቁጭ ስትል «ገበያ!» ተባለች። ተነሥታ ሄደች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። «ገበያ!» በሦስተኛው ስትመለስ ሩዟ ላይ ዝንብ ሰፍሮ ጠበቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምትበላው ቆማ ነው፤ ማንኪያው በእጇ፣ ጆሮዋ ኮሪደሩ ላይ። ማዳም ሁዳ ክፉ ሰው አልነበረችም። መጥራት ግን ትወድ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ አርማቸው ነጭ ርግብ የሆነ ቤት ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ወደቡ አጠገብ የሆቴል አዳራሽ ተከራዩ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ጋደም ያለበት ሰዓት። በየቤቱ የሚያገለግሉ የአገራችን ሴቶች የዓርብ ልብሳቸውን ለብሰው አዳራሹን ሞሉት። ጠረጴዛ ላይ ከካርቶንና ከመስታወት የተሠራ ትንሽ ሕንፃ ቆሟል። በመስኮቶቹ ውስጥ መብራት ይበራል፤ ደጃፉ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች ሽርሽር ላይ ናቸው። ገበያነሽ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውብ ነገር አላየችም። ልቧ ሄደ፤ እዚያው፣ ከስፖንጅ በተሠራ ዛፍ ሥር።

ሻጩ ደስታው ይባላል፤ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰረ፣ አንገቱ ማር የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ ሰውዬ።

«እትዬ፣ የትኛውን እንያዝልዎ?»

«አየር የሚያገኘውን።»

«እንግዲያው አምስተኛው ፎቅ ነዋ! ከላይ ሰማይ፣ ከታች ከተማ። እንጦጦ ራሱ መጥቶ መስኮትዎ ሥር ይቆማል።»

ገበያነሽ ጣቷን በመስኮቶቹ ላይ ከታች ወደ ላይ አስኬደች። «ይሄ ሬድሾሴው ነው አይደል?» ምድር ቤቱን ማለቷ ነው፤ ጅቡቲ የከረመ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ከፎቅም አይቆጥረውም። «እሱን ትተን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።»

«ጎበዝ! ፈረንሳይ ሆነዋልኮ!» ብሎ ሳቀላት። እሷም ሳቀች። የአሥራ ሁለት ዓመት ላቧን አስረክባ ፈረመች።

የቤቱን ንድፍ ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ልብስ ወደምታሰጣበት ጣሪያ ወጥታ፣ በልጆቹ ጠመኔ ቤቷን በልኩ ሲሚንቶው ላይ ሣለችው። መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ሳሎን። አንሶላ ስታሰጣ እንኳ ግድግዳውን ዞራ በበሩ ነበር የምታልፈው። አንድ ቀን ማዳም ሁዳ ወጣች።

«ወላሂ ገበያ፣ ይሄ ምን ጭረት ነው?»

«ቤቴ ነው፣ ማዳም።»

ማዳም ሁዳ ልትጠጋት ስትራመድ ገበያነሽ ጮኸች። «ግድግዳ ነው! በበሩ ይግቡ እንጂ!»

ማዳም ሁዳ ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ግን ዞራ በሩ ጋ ቆመችና አየሩን አንኳኳች። «ሰላም አለይኩም!»

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ። ይሄ ሳሎኑ ነው። እዚህ ጋ ጠረጴዛዬ ይሆናል። ቁጭ ብዬ የምበላው እዚህ ነው።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ እቆማለሁ።»

በአሥራ ስምንት ወር ትረከቢያለሽ የተባለችው ቤት አራት ዓመት ሆናት። በሙቀቱ ወራት ከምዕራብ የሚነሣው ነፋስ አቧራውን እየነዳ ጠመኔውን ያጠፋዋል፤ እሷ መልሳ ትሥላለች። ያጠፋዋል፤ ትሥላለች። አፍቃሪ ደብዳቤውን ደጋግሞ እንደሚጽፈው። በመጨረሻ የጭነት መኪኖች ወደሚያድሩበት ፔካ 12 ድረስ ሄዳ ቡልቻን ለመነችው። ቡልቻ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ተሳቢ የሚነዳ ወዳጇ ነው። «አይተህ ብቻ ንገረኝ» አለችው። በሳምንቱ ሕንፃው ሥር ቆሞ ደወለ።

«ገቢዬ፣ ደርሻለሁ። ሕንፃው ቆሟል!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ስንተኛ ነበር ያልሽኝ?»

«አምስተኛ።»

«ምድሩን ትቼ ልቁጠር?»

«ትተህ።»

«አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…»

«ቡልቻ?»

«ከአራተኛው በላይ ሮቶ ነው ያለው። ጥቁር የውሃ ሮቶ።»

«ምን ላይ ነው የተቀመጠው?»

«እሱማ… ሳሎንሽ መሰለኝ።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘለትም። «ዘበኛውን ጠይቄዋለሁ። ፈቃዱ ድሮም ለአራት ፎቅ ብቻ ነው አለኝ። አየር ነው የሸጡልሽ፣ ገቢዬ።»

አየር የሚያገኘውን ብላ የመረጠች ራሷ ነበረች።

ደስታውን በስልክ ስታገኘው ድምፁ ገና ማር ነበር። «እትዬ ገበያነሽ፣ የአቆጣጠር ስሕተት ነው። ምድሩን አንድ ብለው ይጀምሩ፤ አምስተኛው ያው አለ አይደል?»

«እሱን ወዳጄ አይቶታል፤ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ሰው ይኖርበታል።»

«የሚኖሩበት ሰውዬ በአማርኛ ቆጥረው ገዙ። እናንተ ጅቡቲዎች በፈረንሳይኛ እየቆጠራችሁ እኛን አታድርቁን!» ስልኩ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም አልተነሣም። ከማዳም ሁዳ ፈቃድ ለምና ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ወጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቢሮው ሌላ ሰፈር ገብቷል ተባለች። ገበያነሽ ያን ጊዜ መጥላትን ተማረች። ጥላቻዋ እንደ አሳል ሐይቅ ጨው ነበር፤ ፀሐይ በመታው ቁጥር እየነጣ፣ እየጠነከረ የሚሄድ። በልብስ ማስጫው ላይ ያለውን ቤት ግን መሣሉን አልተወችም።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ዓርብ አበሩ መጣችላት። አበሩ አንድ ፈረንሳዊ ወታደር ቤት የምትሠራ የልብ ጓደኛዋ ናት። «ያንቺ ርግቦች ተመልሰው መጥተዋል» አለቻት፤ «ስማቸውን ቀይረዋል እንጂ ርግቧ ያችው ናት። አልዋሽሽም፣ ልመዘገብ ነው። ያንቺ ዕድል ሆኖ እንጂ ሰው ሁሉ አይከስርም። ምግብም አለ አሉ።»

ገበያነሽ ጫማዋን አደረገች።

ያው ሆቴል፣ ያው አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው የካርቶን ሕንፃ ግን ከበፊቱ ረዝሟል። ደስታውም ወፍሯል። ገና ከበር ሲያያት ፊቱ ዳመነ፤ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ዛሬ ዝም በይ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል። «ገንዘብሽን ሳንቲም ሳይጎድል እመልስልሻለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬውኑ፣ ሽያጩ እንዳለቀ። እዚሁ፣ በእጅሽ።»

«ከየትኛው ገንዘብ?»

«ምን አገባሽ? ገንዘብ ገንዘብ ነው።»

ገበያነሽ ዞር ብላ አየች። ሴቶቹ ለመፈረም ብዕሩ ጋ ተሰልፈዋል፤ አበሩ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ሦስተኛ ላይ ቆማለች። ስትለምነው የኖረችው ነገር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ዋጋው ዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራበት የኖረችው ሙያ ነው፤ ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

ክንዷን መንጭቃ ወደ ሕንፃው ሄደች።

«አበሩ! የትኛውን ነው የሸጡልሽ?»

«ሰባተኛውን። አየር አለው ብለውኛል።»

«አየሩስ አለ! አየሩን አልካዱንም!» ከሰልፉ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ወጣ። «አንተ፣ ደስታው! ፈቃዱ ለስንት ፎቅ ነው? ወረቀቱን አሳያቸዋ።»

«ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው፤ ውድ ደንበኞቻችን…»

«ሰባቱን የቆጠርከው በአማርኛ ነው በፈረንሳይኛ? የኔን በአንዱ ሸጠህ በሌላው ቀማኸኝ። ሳሎኔ ላይ ሮቶ ቁጭ ብሏል፤ እኔ ቆሜያለሁ!»

ያን ጊዜ ደስታው ማሩ አለቀበት። «ይቺን እብድ አውጡልኝ! ሰሃን አጣቢ ስለ ግንባታ ምን ታውቃለች?»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በዚያ አዳራሽ ሰሃን የማያጥብ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ገበያነሽ ሳታስበው አንጎራጎረች። እም እም የምትልበት ቦታ ስትደርስ ግን፣ ያቺ ነጋዴ አሊ ሳቢህ ላይ ይዛው በወረደችው ፈንታ፣ የራሷ ቃል ከጉሮሮዋ ወጣ፦

«ሰማይ ሰማይ ባየው ደመና ብቻ ነው፣
የተሸጠልኝ ቤት ከዚያ በላይ ነው።»

አንዷ እልል አለች። ሌላዋ ሳቀች፤ ሦስተኛዋ ዓይኗን ጠረገች። አበሩ የቦርሳዋን ዚፕ ዘግታ ከሰልፉ ወጣች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ሁሉም አልወጡም። ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ብዕሩ ጋ ቀሩ።

ደስታው ቀረብ ብሎ ጥርሱን ነከሰ። «ከእንግዲህ አምስት ሳንቲም አታገኚም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

በግድግዳው ጥግ የተደረደረው ምግብ ሳይነካ ቀርቷል፤ ሳምቡሳ፣ የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ በእሳት የተገረፈ ዓሣ። ገበያነሽ ሰሃን አንሥታ ሞላች። እንደ ልማዷ አንድ ማንኪያ ቆማ ጎረሰች።

«ምግቡ ለገዢ ነው!» አላት ደስታው።

«ገዢ ነኝ። ውል አለኝ።»

ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጉልበቷ ግራ ተጋባ፤ እጇ ሰሃኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶት ጥቂት ዋለለ፤ በኋላ ጠረጴዛውን አገኘው። ሩዙ ቀዝቅዟል፣ ጨውም አንሶታል። ቢሆንም ጎረሰች። ዓሣውን ከአጥንቱ በዝግታ ለየች፤ ሎሚ ጨመቀችበት።

«ገበያ!» ስትል አበሩ ከበሩ ተጣራች። «ገበያ! አንሄድም እንዴ?»

ትከሻዋ ከልማድ ሊነሣ ሞከረ። መልሳ ወንበሩ ላይ አስደገፈችው።

«እየበላሁ ነው» አለች።