ቋንጃው የተቆረጠው የፈለቀች በሬ

ከአያት መንደር በላይ ያለውን ጋራ እስቲ ቀና ብላችሁ እዩት። እርከኑ ተደርድሮ፣ ባሕር ዛፉ ተተክሎ፣ ለጎብኚ ያምራል። ድንጋዩን ተሸክመው ካወጡት አንዷ ፈለቀች ናት። መንግሥት እርከን ለሠራና ችግኝ ለተከለ ገበሬ ስንዴና ዘይት ይሰፍራል፤ ባሏ የሞተባት ሴት እምቢ ትበል? ሠራች፣ ስንዴዋን ተቀበለች። ችግኙ ሲጸድቅ ጋራው ለከብት ተዘጋ። በቃ! ከብቱ የት ይጋጥ ብሎ የጠየቀ የለም።

ፈለቀች አንድ በሬ ነበራት። ጎረቤቷ ዓለምሰገድም ያለው አንድ ነው። እንደ አገሩ ደንብ ይቀናጃሉ፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ የሱንም የሷንም ማሳ እሱ ያርሳል። በሬዋ ከሌለ መሬቷ ጦም ያድራል፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ ነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ይኸው ዓለምሰገድ ዘንድሮ የጋራው ዘበኛ ሆነ። ደመወዙም ያው ስንዴ ነው።

በግንቦት፣ ሜዳው ሁሉ ሲደርቅ፣ በሬዋ ገመዱን በጥሶ ጋራው ላይ ወጣ። ሮጣ ስትደርስ ዓለምሰገድ መጥረቢያ ይዟል፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን ይዞ ከኋላው ቆሟል።

«ችግኝ ታስበያለሽ፣ አንቺ አድኃሪ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ባሕር ዛፍ የሚበላ በሬ የት አገር አይተሃል? ሣሩን ነው የጋጠው!» ሄዳ ቀንዱን ያዘች።

ሊቀመንበሩ ዓለምሰገድን በሰደፍ ጎሸመው። «በለው! ምን ትጠብቃለህ?»

«እትዬ ፈለቀች፣ ይልቀቁት» አለ ዓለምሰገድ። «ስንዴዬን ያስቀሩብኛል።»

«ስንዴውን ጥመደዋ! ከበሬህ ጎን ስንዴ ጠምደህ እረስ!»

ዓይኑን ጨፍኖ ሰነዘረ። የበሬውን ቋንጃ ቆረጠው። በሬው እያጓራ ሲወድቅ ክንዷ ከሥሩ ገብቶ ደቀቀ። ስትጮኽ ሊቀመንበሩ አፏን በሰደፍ መታት፤ ጥርሶቿ ከደሟ ጋር ረገፉ። በሬውን እዚያው አርደው ሥጋውን ለዘበኞቹ አከፋፈሉት። ዓለምሰገድም የሥጋ ድርሻውን ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

ነገሩ የገባው የገዛ በሬው ብቻውን በረት ውስጥ ቆሞ ሲያየው ነው። ምን ዓይነት ጅል ነው ይሄ? ጥማዱን ገድሎ በላ! አሁን በየደጁ እየዞረ «አቀናጁኝ» ይላል፤ እሺ የሚለው አላገኘም። እኔም አላዝንለትም። ግን ጅሉ እሱ ብቻ ነው? አፈር እንጠብቅ እያለ አራሹን የሚሰባብር ምን ዓይነት መንግሥት ነው?

ሰኔ ገብቷል። ፈለቀች ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ያልታረሰ ማሳዋ ዳር ትቀመጣለች። ሊቀመንበሩ መሬቱን ለማን እንደሚሰጥ ከወዲሁ እያወራ ነው። ጥንድ በሬ ያለህ የአያት ሰው፣ እባክህ ነገ በማለዳ ጥመድና መሬቷን ሳትነጠቅ እረስላት።