የተወጋው ጆንያ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ አዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ጋለሪ ወሰደችኝ። የብዙ ሠዓሊዎች ሥራ አንድ ላይ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ የማውቀውን ጆንያ አየሁ፤ ቀይና ጥቁር የተቀባ፣ መሃሉ የተበሳ። አስጎብኚው ወጣት ቀዳዳውን «የዘመኑ ቁስል ነው» አለን። ሳቄን ዋጥኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት፣ ጨለለቂ በኩል፣ የቡና መጋዘን ነበረችኝ። በአንድ ኅዳር፣ ወደ አኖ የሚወስደው መንገድ አቧራ መሆን ሲጀምር፣ ጓደኛዬ ቶለሳ ሥዕል ተምሮ ተመለሰና ከሦስት መምህራን ጋር ኤግዚቢሽን ሊያሳይ መጋዘኔን ለመነኝ። ፈቀድኩ። ሸራ አጥተው በጆንያ ላይ እንደሣሉ፣ ጆንያውም የኔ እንደሆነ ያወቅሁት ከተሰቀለ በኋላ ነው።

የቶለሳ አባት ኦቦ ዲንሳ ቡና ነጋዴና የገበያ ሽማግሌ ናቸው። «እስከ ቅዳሜ ማታ አንዱን እንኳ የገዛ ሰው ከተገኘ ሣል። ካልተገኘ ብሩሽህን ጥለህ ሚዛን ትይዛለህ» ብለውታል።

ቅዳሜ ሰው ጎረፈ። ያቀረብነውን አንጮቴ በቅቤ እያጣጣመ አየ፣ አፉን ጠረገ፣ ወጣ። የገዛ የለም። ቶለሳ ፊቱ አመድ መሰለ።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ዲንሳ ከገበያ መጡ፤ የቡና ናሙና የሚያወጡበት ሹል ቱቦ በእጃቸው ነው። የነጋዴ እጅ ጆንያ ሲያይ አእምሮን አያማክርም። የልጃቸውን ሥዕል መሃሉን ወጉት! ከቱቦው ሥር መዳፋቸውን ዘርግተው ቡናው እስኪፈስ ጠበቁ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ባዶ ነው እኮ!»

በገበያችን ሕግ የሰው ጆንያ ሳያስፈቅድ የወጋ ይገዛል። በዚህ ሕግ እኔ ላይ ሁለቴ የፈረዱብኝ እሳቸው ናቸው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ የወጋ ይገዛል» አልኩ።

«ቡና የለውም!»

«ጆንያ አይደለም?»

«የገዛ ሰው ከተገኘ አላሉም?» አለ ከኋላ አንዱ። «ወይስ እርስዎ ሰው አይደሉም?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ቀዳዳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ገዛሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ቀበሮ!» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ቶለሳ፣ ለሚቀጥለው ግን ቡና ጨምርበት።»

ጆንያው ሳሎናቸው ተሰቅሎ ኖረ። ቀዳዳው ይሰፋ ሲሏቸው «ተዉት፣ የኔ ድርሻ እሱ ነው» ይሉ ነበር። ቶለሳም ሚዛን ሳይዝ አረጀ።

ጋለሪው ውስጥ ጣቴን ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ ዘበኛው «አባቴ፣ አይነካም!» ብሎ ጮኸ። ፈጥኜ እጄን ሰበሰብኩ። ዋጋውን አይቼው ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ የወጋ ይገዛል ቢሉኝስ?