ያልተሰማው የኡሙ ሱመያ ድምፅ

ሀምዲያ ሲበዛ ፈሪ ናት። ጎረቤቷ ነኝና ሐሜት አይሁንብኝ፤ ፊት ለፊቷም እላታለሁ። ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትዘል ልቧ ስንጥቅ ይላል። ባሏ ሙሐሲን ለቡና ግዢ ዱመርሶ ሄዶ ካመሸ ስልኩን በጥሪ ታቃጥለዋለች። ይህችው ፈሪ ግን ኒቃቧን ለብሳ ዲላ ገበያ መሃል ስታልፍ ልጆች «ኒንጃ! ኒንጃ!» ካሏት ዘወር ብላ «መጣሁልህ!» ትላለች። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ይላሉ፤ እሷ ከጨርቁ ስር ትስቃለች።

ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። በቤቷ የፊት ክፍል ኒቃብና ገላን የሚሸፍን ሰፊ ልብስ፣ ጅልባብ፣ ትሰፋለች፤ የወናጎና የይርጋጨፌ ደንበኞቿ ልብሳቸው በሚኒባስ ይላክላቸዋል። ከሁሉ በላይ የምትኮራበት ግን የቴሌግራም ግሩፗ ነው። እዚያ ያለነው ፊታችንን የምንሸፍን ሴቶች ብቻ ነን። መንገድ ላይ ሰው ሁላችንንም አንድ አድርጎ ያየናል፤ እዚያ ግን እያንዳንዳችን ስምና ጠባይ አለን። ሴት ሐኪም የት እንዳለች፣ መታወቂያችንን ለብቻ የምታይ ሴት ሠራተኛ በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደምትገኝ፣ ኒቃባችንን ያልወደደች አማት እንዴት እንደምትያዝ የምንማከረው እዚያ ነው። ለመግባት አንድ ደንብ አለ። አዲስ ገቢ ድምፅ ቀድታ ትልካለች፤ ሀምዲያ ሰምታ ሴት መሆኗን ካረጋገጠች ትገባለች። «ወንድ ድምፁን ቢያቀጥን ትንፋሹ ያሳብቅበታል» ትላለች፣ የትንፋሽ ምሁር ይመስል።

አንድ ቀን ኡሙ ሱመያ የምትባል ሴት ለመግባት ጠየቀች። ድምፅ ላኪ ስትባል «የሴት ድምፅ ዓውራ ነው፣ መሸፈን አለበት ብዬ አምናለሁ። አላህን ፍሪ፣ አታስገድጂኝ» ብላ ጻፈች። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ በሩን ይዘጋባት ነበር። ሀምዲያ ግን አፈረች። «በሃይማኖቷ ከእኔ የጠነከረች ሴት መጥታ እኔ ደንብ አወራለሁ?» አለችና አስገባቻት። እንዲህ የምንታለለው እኛ ብቻ ነን።

ከዚያ ሶፍያ መጣች። የሀምዲያ የድሮ ደንበኛ ናት፤ ከባሏ ዱላ ሸሽታ፣ ጥቂት ቀን ተደብቃ ቆይታ፣ ከአዲስ አበባ የለበሰችውን ብቻ ይዛ ነው ዲላ የገባችው። ባሏ ሙሐመድኑር አንድ ጊዜ ከዘመድ ቤት ጎትቶ መልሷት ነበር። «አሁን ካገኘኝ ይገድለኛል» አለችን፤ ጮኻ አልነበረም፣ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነው። እኔን ያስፈራኝ ያ እርጋታዋ ነው። ሀምዲያ በጓዳ አስቀመጠቻት። ግሩፑ ላይ ስሟን ሳትጠቅስ «አንዲት እህት ባዶ እጇን መጥታለች፣ ጅልባብ ያላችሁ ለግሱ» ብላ ለጠፈች።

ከሁሉ ቀድማ የመለሰችው ኡሙ ሱመያ ናት። «ቁመቷ ምን ያህል ነው? ለልኩ ብዬ ነው።» ቀጥላ «ከየት ነው የመጣችው?» አለች። ቀጥላ ደግሞ በግል «አንቺ ቤት ናት?»

ሀምዲያ ስልኩን አሳየችን። ሶፍያ አነበበችው።

«እሱ ነው።»

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«አላወቅኩም። በር ሲንኳኳም፣ ስልክ ሲጮኽም እሱ ነው የሚመስለኝ።»

«እናስወጣው በቃ!» አልኩ።

«ካስወጣነው መንቃታችንን ያውቃል» አለች ሀምዲያ። የቤቷ አድራሻ ለደንበኞች ተብሎ ግሩፑ አናት ላይ ተለጥፎ መክረሙ ያን ጊዜ ትዝ አለን። አጠፋችው፤ ያየ ግን አይቶታል።

በነጋታው ከሰዓት ዝናብ እየጣለ፣ ሙሐሲንም ዱመርሶ እያለ፣ የሀምዲያ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። «ኒቃብ ላሰፋ መጥቻለሁ። በርሽ ላይ ነኝ» ይላል። ኡሙ ሱመያ።

ሶፍያን የተሰፉ ልብሶች ከተሰቀሉበት መጋረጃ ኋላ ደበቅናት። እኔ የጨርቅ መቀሱን አነሳሁ፤ የምፈራው ግን ራሴን እንዳልወጋ ነበር። ሀምዲያ በሩን በትንሹ ከፈተች። ረጅም ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ እጁ በጓንት፣ ዓይኑ ሳይቀር በስስ ጨርቅ የተሸፈነ።

«ወዐለይኩም ሰላም» አለች ሀምዲያ፣ ሰላምታ ያቀረበ ሳይኖር። «ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ድምፅሽን ልስማ።»

ሰውየው ወይ ሴትየዋ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ስልኳን አውጥታ ጻፈችና አሳየችን። «ውስጥ ወንድ አለ?»

ጥብቅ ሴት ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ሌባም ነፍሰ ገዳይም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሀምዲያ «ባሌ ጓዳ ተኝቷል» ብላ መዋሸት ነበረባት፤ ልማድ ቀደማትና «የለም» አለች። እንግዳዋ ገፋ አድርጋ ገባችና በሩን ከኋላዋ ቀረቀረችው። መቀሱን ከፍ አደረግኩ።

ኒቃቧን ገለጠች። ሴት ናት፤ ገና ልጅ። ግራ ጉንጯ በልዟል።

«ሐያት!» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ ወጣ። ሶፍያ መደበቋን ረስታ ብቅ አለች። ልጅቷ የሙሐመድኑር ታናሽ እህት ናት።

«ድምፄን ስለምታውቂው ነው እንዳልናገር የከለከለኝ» አለች ሐያት። ሹክሹክታ ነበር። «እዚህ ልብስ ታሰፊ እንደነበር ስለሚያውቅ፣ ከቤት እንደጠፋሽ ነው ግሩፑ ውስጥ ያስገባኝ፤ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የሚያስጽፈኝ። አሁንም ጥጉ ላይ ባጃጅ ውስጥ አለ። እዚህ ካለሽ እንድደውልለት ነው የላከኝ።»

ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ። ሐያት ሶፍያን እያየች አነሳችው።

«አቤት። አይ፣ የለችም። ሁለት ልብስ ሰፊዎች ብቻ ናቸው። ጓዳውንም አይቻለሁ… ወላሂ አልኩህ።»

ዘጋችው። በአላህ ስም በሐሰት መማሏ ነው መሰል ፊቷ አመድ መሰለ።

«ቅሪ» አለቻት ሀምዲያ እጇን ይዛ። «እኛ ጋ ቅሪ። ሙሐሲን ይመጣል፣ ሰው እንጠራለን።»

«እኔ ካልወጣሁ እሱ ይገባል።» ሐያት ኒቃቧን አሰረች። ገብታ የቀረቀረችውን በር ራሷ ከፍታ ወጣች።

ያን ጊዜ ሶፍያ ባዶ እግሯን ወደ በሩ ተወረወረች። «ውሸቷን ሲደርስበት እሷን ነው የሚገድላት! ልቀቂኝ ሀምዲያ፣ እኔን ይውሰደኝ!» ሀምዲያ ከኋላ አቀፈቻት። በድመት የምትደነግጠው ሴት ያን ጉልበት ከየት እንዳመጣችው አላህ ያውቃል፤ በአንድ እጇ አፏን አፈነች፣ በሌላው ወገቧን ጠፍራ ያዘች። ሶፍያ ነከሰቻት፤ ሀምዲያ ግን አልለቀቀቻትም። ባጃጇ ተነስታ ድምጿ በዝናቡ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

ሶፍያ አሁን የት እንዳለች አልናገርም። ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ከሐያት ግን ምንም አልሰማንም። ለአዲስ አበባ ሰዎች ነግረናል፤ የሙሐመድኑር ቤት ተዘግቷል ይሉናል። ሀምዲያ የተነከሰ እጇን እያየች «ማንን አዳንኩ፣ ማንን ላክሁ?» ትለኛለች።