ዊኒፍሬድና «ምንም አይልም»

ዊኒፍሬድ ሃርግሪቭ ሆስፒታል የገባችው እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብም እምቢ ብሏት ነው። በሦስት ሳምንት ሁለቱም ተመለሱላት። እሷ ግን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ እውነት ትናገራለችና።

እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ የሴቶች የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ አጠገቧ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። ነርሶቹ በየሩብ ሰዓቱ በበሩ መስኮት አጮልቀው ያዩናል። ሁለት ደቂቃ ከዘገዩ ዊኒፍሬድ ትነግራቸዋለች፤ ሃያ ዓመት የባቡር መነሻና መድረሻ ሰዓት ሰሌዳ ስታወጣ የኖረች ሴት ናት። «እረፍት የላትም» ብለው ጻፉባት። መብራቱ እንደሚጮህ ነገረቻቸው። «ድምፅ ትሰማለች» ብለው ጻፉ። እኔም ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት፤ ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋባት ንብ ይመስላል። ኦቲዝም እንዳለባት የፋይሏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሰፍሯል። ፋይሉን ግን ሁሉም ከመጨረሻው ገጽ ነው የሚጀምሩት።

«እንዴት አደርሽ ፍቅሬ?» ትላታለች ነርስ ዶሪን። ዶሪን ፖስተኛውንም ፍቅሬ ነው የምትለው።

«ፍቅርሽ አይደለሁም፤ ከተዋወቅን ሦስት ሳምንታችን ነው። አዳሬም መጥፎ ነበር፤ ትራሱ ፕላስቲክ ነው።»

«ስሜቷ አልተሻሻለም» ተጻፈ።

ከአባቷ የወረሰችው የኪራይ የአትክልት መደብ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታረመ፣ የሚያከራየው የአትክልተኞች ማኅበር ለሌላ ይሰጠዋል። አምስት ቀን ቀርቷል።

«ስሚኝ» አልኳት። «ሐኪሙ እንዴት ነሽ ሲልሽ፣ ምንም አይልም በይው።»

«ምኑ ነው ምንም የማይለው?»

«ምኑም። እንዲሁ ይባላል።»

«ሁሉም ሰው ይላል?»

«ሁሉም። ቀብር ላይ እንኳ።»

አስባ አስባ፣ «ታዲያ እዚህ መተኛት የነበረበት ማን ነው?» አለች።

ሐሙስ፣ ትውጣ አትውጣ ለመወሰን፣ ሐኪሙን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ከበው አስቀመጧት። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ቃል አትጨምርም።

«እንዴት ነሽ?» አላት ዶክተር ፔምበርተን።

«ምንም አይልም።»

ስድስቱም ቀና አሉ። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ሠርቷል» እያለ እስክሪብቶ አነሳ።

«መድኃኒቱ አይደለም» አለችው። «ጎረቤቴ እንዲህ በይ ብላኝ ነው። መብራቱ አሁንም ይጮኻል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሐኪሙ ዓይኑን እየጠረገ ጻፈ፦ «መቀለድ ጀምራለች። ትውጣ።»

ዓርብ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አልቀለድኩም እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ሂጂ።»

«ስህተት ተጽፏል። መታረም አለበት።»

«ዊኒፍሬድ፣ መጀመሪያ መደቡን እረሚ።»

ዶሪን ቁልፏን እያንሿሿች መጥታ በሩን ከፈተች። ዊኒፍሬድ ሰዓቷን አየች።

«አራት ደቂቃ ዘግይተሻል» አለቻትና ወጣች።