ስም ያለው መስታወት

በደርግ ዘመን የያዙኝ ከሥራ ገበታዬ ላይ ነው። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሣ ትከሻዬን ነኩኝ፤ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስሁ ጎንደር ዳርቻ ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ወሰዱኝ። መጀመሪያ የታየኝ ግድግዳው ሳይሆን ቅማሉ ነበር። የላቦራቶሪ ሰው ዓመሉ አይለቀውም።

በሁለተኛው ሳምንት አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት፣ ትክል ድንጋይ ከሚባለው አገር የመጡ ገበሬ፣ በትኩሳት ነደዱ። ለቅቋቸው ሰንብቶ እንደገና መጣ። ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ መሰለኝ፤ ግን ተስቦም እንዲሁ ያነድዳል። ደማቸው ካልታየ መድኃኒት እንደማይሰጥ የጥበቃው ኃላፊ ቁርጡን ነገረን። ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ ክልክል ነው። አንዱ ዘበኛ ግን ቅማሉን ከእኛ እኩል ይፈራ ነበርና ደሙን ብቻ ላቦራቶሪ ለቀረው ባልደረባዬ እንዲያደርስልኝ ለመንሁት። እሺ አለ።

የመስኮት መስታወት ስባሪ በሸሚዜ ጫፍ ወለወልሁ። ጣታቸውን በልብስ መስፊያ መርፌ ወግቼ ጠብታዋን በሌላ ስባሪ ጠርዝ ስስ አድርጌ ቀባኋት።

«በዚች ጠብታ ምን ሊታይ?» አሉ።

«በሽታው ካለ እንደ ተጠማዘዘ ክር ሆኖ ይታያል፣ አያ። ማይክሮስኮፕ ሺህ ጊዜ ያጎላል።»

«ምነው እኛን እንዲህ አጉልቶ የሚያይ ጠፋ!»

ሳቅሁ። ደሙ ሲደርቅ ግን ሳቄም ደረቀ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስም ያልተጻፈበት መስታወት አይመረመርም፤ ይጣላል። እኔም ስንቱን ጥያለሁ። በዚያ መጋዘን ደግሞ ስሙ የተጠራ ሰው ወጥቶ አይመለስም ነበር።

«ስሜን አታውጣው፣ ልጄ» አሉ ክንዴን ይዘው።

«ያለ ስም አያዩልንም፣ አያ።»

ክንዴን ለቀቁት። «እንግዲያ ከነአባቴ ጻፈው። ብሞትም የማን ልጅ እንደሆንሁ ይታወቅ።»

በመርፌዋ ጫፍ ከደሙ ጎን ጫርሁት። ዘበኛው ማታውን በኪሱ ይዞት ወጣ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ስማቸው ከነአባታቸው ተጠራ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አለሁ!» አሉ። ዘበኛው የተጠቀለለ ወረቀት ዘረጋላቸው። ውስጡ እንክብል ነበር፤ ላዩ ላይ በባልደረባዬ እጅ ጽሑፍ ስማቸውና «ግርሻ ተገኝቷል» የሚል አለ። እንባዬ መጣ።

ዳኑ፤ ከእኔ ቀድመውም ተፈቱ።

ዛሬ ተማሪዎቼ መስታወቱን ወደ ማይክሮስኮፑ ሲያጣድፉት «መጀመሪያ ስም!» እላቸዋለሁ። የሽማግሌ ጭቅጭቅ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። እኔ ግን ስም በተጻፈ ቁጥር ያ «አለሁ!» ይሰማኛል።